እትዬ አሰገደችና የማዶው ሮቦት

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ የአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ሲኒማ ቤት ሆነ። መግቢያው በነጻ ነው፤ መቀመጫው ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ተመልካቹም እግሩን በብረት መከለያው መሐል አሾልኮ አየር ላይ የሚያወዛውዝ አራት ልጅ ነው። ፊልሙ የሚታየው ከሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው።

«እትዬ አሰጉ! እትዬ አሰጉ! ቶሎ ነይ፣ እግሩን ሊያወጣ ነው!»

አሰገደች የሽንኩርቱን ቢላዋ አስቀምጣ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወጣች። «እናንተ ልጆች መቼም ሥራ አታሠሩኝም!» ማለቷ አልቀረም። ይሁን እንጂ ከማድ ቤት እስከ ኮሪደሩ የመጣችው በሩጫ ነበር። በልጆቹ መሐል ተሸጉጣ አገጯን ብረቱ ላይ አስደገፈች።

ማዶ፣ ሊያልቅ ከተቃረበው ሕንጻ ሥር አንድ ግዙፍ ቀይ መኪና ቆሟል። መኪናው በግራና በቀኝ አራት የብረት እግር ቀስ ብሎ ዘረጋ። እግሮቹ መሬቱን ረገጥ አደረጉና መኪናውን ከነጎማው ብድግ አደረጉት።

«ቆመ! በእግሩ ቆመ!»

ቀጥሎ ጀርባው ላይ ተጣጥፎ ተኝቶ የነበረው ክንድ እንደ መንጠራራት አለ። አንደኛው እጥፋት ተነሣ፣ ሁለተኛው ተከፈተ፣ ሦስተኛው ሰማዩን እየቀዘፈ ከሕንጻው አናት በላይ አለፈ፤ ከጫፉም እንደ ዝሆን ኩምቢ ወፍራም ቱቦ አንጠለጠለ። አራቱም ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እኩል ጮኹ።

«ዝሆኔ፣ ሰላም ነው!»

ዝሆኔ ግን ሰላምታ የሚያውቅ አይመስልም። አንድም ቀን መልሶላቸው አያውቅም።

እርግጥ ስሙ የኮንክሪት ፓምፕ ነው። በሚክሰር መኪና የሚመጣለትን ኮንክሪት እየዋጠ፣ በክንዱ ውስጥ ወደ ላይ ልኮ ፎቁ ላይ ይተፋዋል። ልጆቹ ግን ፓምፕ ብለውት አያውቁም። እንደዚሁ ክሬኑ አባ ረዥሙ ነው፤ ጥግ ላይ አፈር የሚዝቀው ኤስካቫተር ደግሞ ሆዳሙ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲጠሩ «ሮቦቶቹ» ይባላሉ።

የሮቦቶቹን ሥራ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ኑረዲን ነው። ጭብጡን እንደ ማይክሮፎን አፉ ላይ ያደርግና ይጀምራል። «ውድ ተመልካቾቻችን፣ ሆዳሙ አፈር ይዟል፤ ይዞ ይዞራል፤ ሲኖትራኩ ብቻውን ነው፣ ማንም አልያዘውም፤ ሆዳሙ ሞከረ... ኧረ ደፋው! ግማሹን ውጪ ደፋው! ምን ዓይነት ስህተት ነው ተመልካቾቻችን!» እህቱ ሲሃም ዳኛ ናት፤ ሆዳሙ አፈር በደፋ ቁጥር ቢጫ ካርድ ታሳያለች። ካርዱ የብስኩት ወረቀት ነው። ሁለቱ የዑስማን ልጆች ናቸው፤ ዑስማን ለቡ መብራት ኃይል ሱቅ አለው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ኢያቄምና ትንሿ እህቱ ጸደንያ፣ ከሥር ካለው ፎቅ ነው የሚመጡት። ወላጆቻቸው ሥራ ውለው እስኪገቡ አራቱን የምትጠብቀው አሰገደች ናት። የወለደችው አንድ ልጅ አድጎ ሐዋሳ ሥራ ከያዘ ወዲህ ቤቷ ጭር ብሎባት ነበር። አሁን ጭርታ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ትንሽ በተገኘ ትላለች።

እሷ ፓምፑን የምትወድበት የራሷ ምክንያት አላት።

አሰገደች ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ያገኘችው ሥራ የቀን ሥራ ነበር። ያኔ ሶሌታው፣ የየፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ የሚሞላው በሰው ትከሻ ነው። ባሬላው ላይ ኮንክሪት ይጫናል፤ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው እጀታውን ይይዙና በባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። ከፊት ፀሐይወርቅ የምትባል ሣቂታ ጓደኛዋ ነበረች፤ ከኋላ አሰገደች። ከኋላ ያለ ሰው ሸክሙም ይከብደዋል፣ የሚንጠባጠበውም እሱ ላይ ነው። ሶሌታ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ ዝናብ ይምጣ ፀሐይ፣ መሙላት ነው። ፀሐይወርቅ ከፊት ሆና ታዜማለች፣ ሌሎቹ ሴቶች ይቀበላሉ፤ በዜማ ካልሆነ እግር አይነሣም ነበር። ሲያልቅ ባለቤቱ በግ ያርዳል፤ ሁሉም ሲሚንቶ ባነጣው እጁ ይበላል።

ፊደል የቆጠረችውም እዚያው ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። በምሳ ሰዓት ፀሐይወርቅ በጣቷ እየጠቆመች «ይቺ ሲ ናት፣ ይቺ ሚ ናት» ትላታለች። ከዚያ ከከረጢት ወደ ሱቅ ታፔላ፣ ከታፔላ ወደ ስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ጸሎት መጽሐፍ ተሻገረች። ዛሬ ካንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ በላይ አላት። «አምላኬ በሲሚንቶ ከረጢት በኩል ነው የጠራኝ» ትላለች፤ ትቀልዳለች እንጂ እውነቷን ነው።

እና ፓምፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዱን ዘርግቶ፣ የዚያን ሁሉ ሴት ጀርባ ሲያጎብጥ ይውል የነበረውን ሥራ አንድ ብርጭቆ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ሲጨርሰው ያየች ዕለት፣ አሰገደች እጇን አፏ ላይ ጭና ሣቀች። ሣቀች፣ ሣቀች፤ ልጆቹም ምን እንደሚያስቃት ሳያውቁ አብረዋት ተንከተከቱ። «ተመስገን! ተመስገን! እሰይ የኔ ዝሆን፣ ተሸከም! አንተ ወገብ የለህ!»

ከልጆቹ ጋር የማትስማማበት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሰው የለውም» ይላል ኢያቄም። አሥር ዓመቱ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ደግሞ በአብዛኛው ስህተት ነው። «ራሱ ነው የሚያስበው። ማታ ማታ ቻርጅ ይደረጋል።»

«ሰው የሌለው ነገር አይሠራም፣ አባቴ። የሚነዳው ሰው አለ።»

«የታለ እሱ? ጋቢናውን እዪው!»

አሰገደች ዓይኗን አጥብባ ታያለች። እውነትም ጋቢናው ባዶ ነው። ይባስ ብሎ ሹፌሩ ከመኪናው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ከእሱ በላይ ክንዱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይሠራል።

«እንግዲህ...» አለች አሰገደች።

«እንግዲህ ምን?» አሉ አራቱም።

«እንግዲህ ሽንኩርቴን ልክተፍ» ብላ ገባች። ኮሪደሩ በሣቅ ፈረሰ። ሲሃምም ለእትዬ አሰጉ ቀይ ካርድ አሳየች።

ፍልሰታ ገባ። ጸደንያና ኢያቄም እስከ ቅዳሴ መውጫ ይጾማሉ። ሲሃም አንድ ቀን ብስኩቷን ደረጃ ሥር ተደብቃ ስትበላ አሰገደች አገኘቻት። «ምነው እናቴ፣ ማን ነካሽ?» ብትላት፣ «ጸዲ እንዳታይና እንዳያምራት ነው» አለች አፏን ሞልታ። አሰገደች ግንባሯን ስማ አለፈች፤ ቀኑን ሙሉም ደስ እንዳላት ዋለች።

በዚያው ሰሞን ከቅዳሴ ሲመለሱ ጸደንያ የአሰገደችን ነጠላ ጫፍ ሳብ አደረገች። ኢያቄም ቀድሞ ሮጧል።

«እትዬ አሰጉ፣ ስለት በድብቅ ይሳላል አይደል?»

«ይሳላል። ምነው?»

«ለማንም አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«ማርያምን በይ።»

«በጾም አልምልም። አልናገርም አልኩሽ፣ በቃ።»

ጸደንያ ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዝሆኔ ሰላም ካለን ጃንጥላዬን ለማርያም አገባለሁ ብያለሁ።»

አሰገደች ያን ጃንጥላ ታውቀዋለች። አረንጓዴ ነው፤ እንቁራሪት ነው፤ ሲዘረጋ አናቱ ላይ ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ይቆማሉ። በአንድ ጊዜ የንግሥ በዓል ታያት፤ የወርቅ ዘርፍ ያለው የከፋይ ጃንጥላ በቀኝ፣ ሌላው በግራ፣ በመካከላቸው ዓይኑን ያፈጠጠ እንቁራሪት። የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ትከሻዋ ግን አልታዘዝ አላት።

«ለምን ትስቂያለሽ? የምወደውን ነው የሰጠሁት።»

ሣቋ ባንዴ ጠፋ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ከዚያ ጃንጥላ በላይ የምትወደው ነገር የላትም፤ ዝናብ ሳይኖርም ቤት ውስጥ ዘርግታው ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ስለቷ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ቀና ብላ አንድ ነገር ለምናለች፤ አሁን ደግሞ መልስ ትጠብቃለች።

«እሺ፣ ሰላም የሚለው እንዴት አድርጎ ነው?» ስትል ጠየቀቻት፣ በቀስታ።

«እንዴ፣ በእጁ ነዋ! ከፍ፣ ዝቅ። እኛ በየቀኑ እያልነው አይደል እንዴ?»

«አንዳንዴ እኮ እመቤታችን በሌላ መንገድ ትመልሳለች፣ የኔ ቆንጆ።»

«በሌላ መንገድ አልፈልግም» አለች ጸደንያ። «በእጁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰገደች እንቅልፍ አጣች ማለት ይቻላል። እግዜር ልመና ሰሚ ነው፤ ይህን ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች። ግን ደግሞ እሷ ራሷ የለመነችው ሁሉ በለመነችው ቀን አልመጣም፤ አንዳንዱ ባሬላ ተሸክማ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የደረሰው። አንዳንዱም ገና በመንገድ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ይህን ይችለዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን እምቢ የተባለች ቢመስላት ምን ትላለች? «ሰማይ ዝም አለኝ» ብላ ብታድግስ?

በማግስቱ ጎመን ልትገዛ ድልድዩ ጋ ወርዳ የማዶውን ግቢ ዘበኛ ገዳን አገኘችው። ገዳ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ ነገራት።

«ቅዳሜ የመጨረሻዋ ሶሌታ ትሞላለች። ከዚያ ፓምፑ ወደ ፉሪ ይሄዳል፤ እዚህ አይመለስም። እኛም እንገላገላለን፣ ጆሯችን ጠፋ እኮ!»

ቅዳሜ! አሰገደች ጎመኑን ይዛ ቀረች። ቅዳሜ ዝሆኔ ከሄደ ስለቱ ወዴት ይሄዳል?

እዚያው ቆማ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ሄዳ ሰውዬውን ብትለምነውስ? ስለትን መርዳት ኃጢአት ይሆን? ቆየት ብላ ደግሞ፣ «የተራበ ሰው እንጀራ ስጠኝ ብሎ ወደ ሰማይ ሲለምን፣ እንጀራውን ይዞ የሚመጣው ሰው አይደል እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። ያጠገቧ ጎመን ሻጭ «ምን አሉኝ?» አለቻት።

በማግስቱ ፓምፑ ለኮለን፣ ለምሰሶ ሥራ መጥቶ ነበር። አሰገደች ልጆቹን ለጎረቤቷ ለሜሪ አደራ ሰጥታ፣ የሻይ ሰዓቱን ጠብቃ ወረደች። ኮንክሪት እየሞላ ያለን ሰው አነጋግሮ መልስ እንደማይገኝ ከማንም በላይ ታውቃለች። በሩ ላይ ገዳ ቢጫ ሄልሜት አንሥቶ በነጠላዋ ላይ ደፋላት።

«ያለሱ አይገባም፣ እህቴ። አቤት፣ ኢንጂነር መሰልሽ!»

«እስቲ አትሣቅብኝ። ሮቦቱን የሚነዳው ማነው?»

ገዳ ወደ አንድ ወጣት ጠቆማት። ስሙ ዲንሳ ይባላል። ቀጭን፣ ፊቱ በሲሚንቶ የተረጨ፣ ቁጢጥ ብሎ ዳቦ የሚገምጥ ልጅ። ካንገቱ የወረደ ሰፊ ማንገቻ ሆዱ ላይ አንድ ሳጥን አንጠልጥሏል፤ ሳጥኑ ላይ ሁለት አጫጭር ዘንጎችና ብዙ ቁልፎች አሉ። ልክ ማስቲካና ሶፍት ዘርግቶ እንደሚዞር ሱቅ በደረቴ!

አሰገደች ቆማ ሳጥኑን አየች፣ ወደ ላይ ክንዱን አየች፣ እንደገና ሳጥኑን አየች።

«በዚህ ነው የምታዝዘው? በዚች?»

«አዎ ማዘር፣ በሪሞት ነው። ምነው?»

«በል ተወው፤ ሮቦቱ አንተ ነህ ማለት ነው!» ብላ ሣቀች። እሱም ዳቦው ትን እስኪለው ሣቀ።

ከዚያ ጉዳይዋን ነገረችው። ስለ ስለቱ ቃል አልተነፈሰችም፤ አልናገርም ብላለች። ማዶ ያሉ ልጆች በየቀኑ ሰላም እንደሚሉት፣ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ክንዱን ከፍ ዝቅ ቢያደርግላቸው ክረምታቸው ሙሉ እንደሚሆን ብቻ አስረዳችው።

ዲንሳ ፊቱ ቁምነገር ሆነ።

«ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ክንድ ቀልድ አያውቅም። ያለ ሥራ አላወዛውዘውም፤ ከሥሩ ስንት ሰው አለ። እንደዚያ ሳደርግ ብገኝ መንጃ ፈቃዴ ብቻ ሳይሆን ሥራዬም አይቀርልኝም።»

አሰገደች ስንት ጊዜ ከላይ እንጨት ሲወድቅ እንዳየች ታውቃለች። «እውነትህን ነው፣ የኔ ልጅ» አለችው ወዲያው። «እንዲያውም እንዲህ ብትል ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ከነሠራተኛህ ይጠብቅህ።» ልትሄድ ዘወር አለች።

«ለመሆኑ የቶቹ ናቸው ልጆቹ?» አላት።

በጣቷ አሳየችው። ከዚያ ሲታይ አራተኛው ፎቅ የክብሪት ቀፎ ያህላል። ኮሪደሩ ላይ አራት ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ይርገበገባሉ።

ዲንሳ አፉን ከፈተ። «እነዚያ? እነዚያ ልጆች ናቸው እንዴ? ማዘር ትሙት! እኔ እኮ ክረምቱን ሙሉ የተሰጣ ልብስ ነው የሚመስለኝ! እነዚህ ሰዎች ዝናብ ሲመጣም ልብሳቸውን አያነሡም እያልኩ ስታዘባቸው!»

አሰገደች እየሣቀች ወጣች። ድልድዩን ስትሻገር ግን ሣቋ አለቀ። ማታ ጸሎቷን አድርሳ ስትጨርስ አንድ ቃል ጨመረች። «እመቤቴ፣ እኔ እታች ጠይቄ አይሆንም ተብያለሁ። ጉዳዩን ወደ ላይ አስተላልፌዋለሁ። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ኮሪደሩ ተሞላ። ፓምፑ እግሩን ዘረጋ፣ ክንዱን አነሣ፤ ሚክሰሮቹ ተራ ይዘው ይገቡ ጀመር። ሶሌታው ላይ ቢጫና ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሠራተኞች ቱቦውን ከበው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ልጆቹ ስንብቱን ሰምተዋል፤ ገዳ ላልነገረው ሰው የለም። ኑረዲን ድምጹ እስኪዘጋ አስተላለፈ። «ውድ ተመልካቾቻችን፣ ይህ የዝሆኔ የመጨረሻ ጨዋታ ነው! ደጋፊዎቹ በእንባ ናቸው!» ሲሃም ካርዶቿን ጥላ በሁለት እጇ ታውለበልባለች። ጸደንያ ግን አትጮኽም። እጇን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ ላልገባው እንደሚያስረዳ ሰው።

ከሰዓት በኋላ ከፉሪ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። ዝናቡ ወረደ ሳይሆን ተዘረገፈ። ወንዙ ጠፋ፣ ግቢው ጠፋ፣ ዝሆኔም ጠፋ። ከፊታቸው የቀረው ግራጫ መጋረጃ ብቻ ነው።

«በቃ» አለ ኢያቄም። «ሮቦት ውኃ ከነካው ይቃጠላል። ተቃጠለ።»

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል!» አለች አሰገደች፣ ከዚያ በፊት ተቆጥታው በማታውቀው ድምፅ። «ሶሌታ ተጀምሮ አይቆምም። ይኸኔ ላስቲክ ለብሰው እየሠሩ ነው።»

ጸደንያ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አሰገደችን አየቻትና እንደገና ወደ ግራጫው ዞረች። ያ አስተያየት አሰገደችን ከለቅሶ በላይ አንገበገባት። ልጅቷን ከነጠላዋ ሥር አስገብታ አቀፈቻት፤ በሆዷም ልመናዋን ደጋገመች፤ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶባት «እባክሽ፣ እባክሽ» ብቻ ቀርቷታል።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ ባንዴ ተወ። ፀሐይ ከለቡ በኩል ሹልክ ብላ ወጣች። ማዶ ሶሌታው ተሞልቶ እንደ መስተዋት ያበራል። የመጨረሻው ሚክሰር ወጥቷል። ፓምፑን እያጠቡ ነው፤ ዝሆኔም ክንዱን መሰብሰብ ጀምሯል። ጫፉ ታጠፈ። ሁለተኛው ታጠፈ።

«ሊሄድ ነው» አለች ሲሃም፣ በሹክሹክታ።

አሰገደች ማየት አቃታት። ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። የሚሰማት የኑረዲን የሻከረ ድምፅ ብቻ ነው። «ተመልካቾቻችን፣ ዝሆኔ እቃውን ሸክፏል... ዝሆኔ ሜዳውን ለቆ...»

ኑረዲን ዝም አለ።

ክረምቱን ሙሉ በመሐል ዝም ብሎ የማያውቅ ልጅ! አሰገደች ቀና አለች።

ክንዱ እንደገና እየተዘረጋ ነበር። ግን ወደ ሕንጻው አይደለም። ከሕንጻው ርቆ፣ ሰው ወደሌለበት ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ እነሱ ዞረ። እጥፋቱ ሁሉ እየተፈታ ቀጥ ብሎ ሰማይ ላይ ቆመ። ከዚያ በቀስታ፣ እጅ እንደሚነሣ ሽማግሌ፣ ጎንበስ አለ። ከኩምቢው ንጹህ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ በፀሐዩ አበራ። ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ከፍ፣ ዝቅ።

ከዚያ ሶሌታው ዳር ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ዞሩ። ሄልሜታቸውን ከራሳቸው አውልቀው ያውለበልቡ ጀመር፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ከመካከላቸው ባለ ሳጥኑ ቀጭን ልጅ አንድ እጁን ብቻ አነሣ፤ ሌላው እጁ ዘንጉ ላይ ነው። የመኪናው ጥሩምባ ዘግይቶ ወንዙን አቋርጦ ደረሰ፤ ጷ-ጷ-ጷ!

ኮሪደሩ ፈነዳ። ኢያቄም «አየን! አየን! ያስባል አላልኳችሁም!» እያለ ግድግዳውን ይደበድባል። ኑረዲን የሚያስተላልፈው ቃል አጥቶ «ጎል!» ብቻ ይላል፤ «ጎል! ጎል! ጎል!» ሲሃም እየዘለለች፣ «የኔ ነው! እኔ ዱዓ አድርጌያለሁ! ለማንም አልተናገርኩም፤ ከጁምዓ ጀምሮ ነው ያደረግኩት!» ብላ ጮኸች።

ጸደንያ ዞራ አየቻት። ጉዳዩን በደንብ አሰበችበት። «እንግዲያው ሁለታችንም ነን» አለች። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ አሰገደችን፣ «በእጁ ነው ያልኩት አይደል?» አለቻት።

የቱቦውን ውኃ ለማንጠፍ ይሁን፣ ወይስ ለእነሱ ብሎ፣ አሰገደች አታውቅም። ማወቅም አልፈለገች። ውኃ ለማንጠፍ ሄልሜት እንደማይወለቅ ግን ታውቃለች። ከታች አይሆንም የተባለው ነገር ዓይኗ እያየ ሆኗል። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞልቶ ሽቅብ መጣ፤ ይዛው ነበር፣ ግን አልያዝ አላት።

«እልልልልልልል!»

ምን ዓይነት እልልታ ነው! ከአራተኛ ፎቅ ተነሥቶ በብሎኩ ሁሉ አስተጋባ። ልጆቹ ተቀበሏት፤ የሚችሉት በምላሳቸው፣ የማይችሉት በጩኸት። ከላይ በር ተከፈተ፣ ከታች መስኮት ተከፈተ። «ማነው የወለደው?» አለ አንድ ድምፅ። «ሰርግ ነው እንዴ በፍልሰታ?» አለች ሌላዋ። ሕፃን ያዘሉ፣ ሊጥ እጃቸው ላይ ያለ፣ ፀጉራቸውን ግማሽ የተሠሩ ወደ ኮሪደሩ መጡ። ከአምስተኛ ፎቅ ጡረተኛው አቶ ማኑሄ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ቸኩለው ወረዱ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! የማን ልጅ ናት የተገላገለችው?»

አሰገደች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ እየሣቀች፣ ወደ ማዶ ጠቆመች። «ማንም አልተገላገለ፣ ጋሼ። ሮቦቱ... ሮቦቱ ሰላም ብሎን ነው።»

«ማን?»

አራቱ ልጆች ባንድ ጊዜ ያስረዷቸው ጀመር። አቶ ማኑሄ ከዚህም ከዚያም ሲሰሙ ቆይተው መነጽራቸውን አስተካከሉና ወደ ማዶ ተመለከቱ። ክንዱ ታጥፎ አልቋል፤ እግሮቹም ተሰብስበዋል። ቀዩ መኪና ከቆርቆሮው በር እየወጣ፣ በጭቃው መንገድ ቀስ ብሎ ወደ ፉሪ አቅጣጫ ይዞራል።

«ይሄ? ይሄ መኪና?»

«አዎ! ሰላም ይበሉት ጋሼ፣ ሳይሄድ! ይመልሳል!»

«ኧረ ወግዱ እናንተ ልጆች! በዚህ ዕድሜዬ?»

የኮሪደሩ ሰው ሁሉ፣ ሊጥ ያቦካውም ፀጉር የምትሠራውም፣ እጁን አንሥቶ ያውለበልብ ነበር። አቶ ማኑሄ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና፣ ማንም እንዳያያቸው ዝቅ አድርገው፣ ትንሽ ወዝወዝ አደረጉት።

ልክ ያን ጊዜ የመኪናው የኋላ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለ።

«እትዬ አሰገደች!» አሉ አቶ ማኑሄ፣ ጋቢያቸው ካንድ ትከሻቸው ወድቆ፣ እጃቸውን አሁን ሰማይ ድረስ ዘርግተው። «አዩ? አዩልኝ? ይቺኛዋ ለእኔ ናት!»